«ነጭ አዝሙድ»፦ ነጭ ነውን? አዝሙድስ ነውን?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ሕንድ ወጥ ቤት ቅመሞችና ስለ ባህላዊ የጤና አጠባበቅ ልማዶች በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ከመታተሙ በፊት አስተያየት እንድንሰጥበት ረቂቁ ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በጠቅላላው በትጋት የተሠራ ነው። የአረፍተ ነገሩ አካሄድ የለዘበ፣ የፊደል አጣጣሉም የተጠነቀቀ ከመሆኑም በላይ፣ ተርጓሚው አንባቢውን ላለማደናገር የደከሙበት መሆኑ ከየገጹ ይታያል። ሆኖም ስለ አንዲት ጥቃቅን የቅመም ፍሬ ከሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ቆም ለማለት ተገደድን። ይኸው አንድ ፍሬ በምዕራፉ መግቢያ «የካሮት ዘር»፣ ዝቅ ብሎ «ነጭ ከሙን»፣ ስለ ጤና በሚያወሳው ክፍል ደግሞ «የጳጳስ አረም» ተብሎ ተጠርቷል። አንባቢው ሦስት ልዩ ልዩ ቅመሞች የቀረቡለት መስሎት ወደ ገበያ ቢወጣ የሚፈረድበት አይሆንም። ሦስቱም ግን ከአማርኛ ተናጋሪው ጓዳ የማይጠፋው ነጭ አዝሙድ ናቸው።

ይህን የምንጽፈው የአንድን ሰው ድካም ለማንኳሰስ አይደለም። እንዲያውም የረቂቁ ስሕተት ከግዴለሽነት የመጣ ሳይሆን፣ የሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ገልጦ፣ ያገኙትን አምኖ ከመውሰድ የመጣ ነው ለማለት ይቻላል። ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መንገድ የጠረግነው ቃላት ሰብሳቢዎችና መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሆንነው እኛው ነን የሚል እምነት ስላለን፣ ረቂቁን ምክንያት በማድረግ ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን።

ከ«የካሮት ዘር» እንጀምር። በእንግሊዝኛ ለዚህ ቅመም ከሚሰጡት ስሞች አንዱ «ካሮም» ነው። ከካሮት ጋር የሚያገናኘው የፊደል መቀራረብ ብቻ ነው። ተክሉ ቀደም ባለው ጊዜ በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ «ካሩም ኮፕቲኩም» ይባል የነበረ ሲሆን፣ «ካሮም» የሚለው ስያሜም ከዚሁ የወገን ስም ጋር የሚዛመድ ይመስላል። «ካሩም» የሚለው የወገን ስም ዛሬ በዋነኛነት የሚታወቀው አውሮፓውያን በጥቁር ዳቧቸው ውስጥ በሚጨምሩት በ«ካሩም ካርቪ» ሲሆን፣ ይህም ከእኛ ነጭ አዝሙድ የተለየ ቅመም ነው። በእርግጥ ካሮትም፣ ካሩም ካርቪም፣ ድንብላልም፣ ከሙንም፣ ነጭ አዝሙድም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደቡ በመሆናቸው፣ የተርጓሚው ግምት የሩቅ ዘመድ ቤት አንኳኳ እንጂ ፈጽሞ ባዕድ ቤት አልገባም። ይሁን እንጂ ወጥ የሚሠራ ሰው ከገበያ የሚገዛው ቤተሰብን ሳይሆን አንድን ፍሬ ነው።

«ነጭ ከሙን» የሚለው ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል። የእንግሊዝኛው ደራሲ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ቅመም በበርበሬ ውስጥ እንደሚጨምሩት በጥሩ ሁኔታ ጠቅሰዋል። ስሙን ግን በልዩ ልዩ የምግብ መጻሕፍት እንደተለመደው ቃል በቃል ፈትተው፣ ነጩን በነጭ፣ አዝሙዱን በኩሚን ተክተው ጽፈውታል። የአማርኛው ተርጓሚ ደግሞ ያንኑ በታማኝነት ወደ አማርኛ መለሱት። ከቤቱ አዝሙድ ሆኖ የወጣው ቃል ከሙን ሆኖ ገባ። በዚህ ላይ ሕንዶች «ነጭ ዚራ» የሚሉት እኛ ከሙን የምንለውን ስለሆነ፣ ስለ ሕንድ ወጥ ቤት በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ «ነጭ ከሙን» የሚል ቃል ያገኘ አንባቢ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ከሙን ይገዛል። ይህ ዓይነቱ የደርሶ መልስ ትርጉም በቅመማ ቅመም ብቻ የተወሰነ ባይሆንም፣ እንደ ቅመማ ቅመም የጐዳው የቃላት መስክ ያለ አይመስለንም።

ስለ ተክሉ ማንነት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ነጭ አዝሙድ ዛሬ በሳይንስ «ትራኪስፐርሙም አሚ» የሚባለው፣ በየዓመቱ የሚዘራና ጥቃቅን ነጫጭ አበባዎቹ በዣንጥላ ቅርጽ የሚያብቡ ተክል ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ሲሶን አሚ» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ ነው አሁን ካለበት የደረሰው። እኛ «ዘር» የምንለው በሳይንሱ አነጋገር ፍሬ ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ሸንተረር ያለው፣ ግራጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ነጭ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ በአንጻሩ «ኒጌላ ሳቲቫ» የተባለው ተክል ዘር ሲሆን፣ የሚመደበውም በፍጹም ሌላ በሆነ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሁለቱ አዝሙዶች በመልክ፣ በሽታ፣ በጣዕምም ሆነ በዘር የማይገናኙ ናቸው። አንዳንዶች «አዝሙድ» የሚለውን ቃል «ዘመደ» ከሚለው ግስ ለማውጣት ሲቃጡ ሰምተናል፤ ቃሉ ከዘመድ የወጣ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሁለቱ አዝሙዶች ዘመዳሞች አይደሉም። ሌሎች ደግሞ ሕንዶች ለሌላ ተመሳሳይ ቅመም «አጅሞድ» የሚል ስም ያላቸው መሆኑን ያስታውሳሉ። ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የቃልን ምንጭ አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። «ነጭ አዝሙድ» በሰዋስው መልኩ ቅጽልና ስም ይመስላል። በፍቺው ግን አንድ ያልተከፈለ ስም ነው። ቅጽሉ የስሙን ዓይነት የሚለይ ሳይሆን የስሙ አካል ነው። ይህ ደግሞ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የቀይ ሽንኩርት ነጩ ዓይነት አይደለም፤ ማንም ተርጓሚ «ነጭ ሽንኩርት» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ነጭ ቀለም ያለው ሽንኩርት ብሎ አይጽፍም፤ ቢጽፍ ይሳቅበታል። ቀይ ሥርም እንዲሁ ቀይ የሆነ ሥር ሁሉ አይደለም። ቁንዶ በርበሬ ከበርበሬ የሚመደብ አይደለም። በነዚህ ሁሉ ላይ ተርጓሚዎቻችን አይሳሳቱም፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛ አቻቸው በቃል የታወቀ ነው። በነጭ አዝሙድ ላይ የሚሳሳቱት አቻው ስላልታወቀና መዝገበ ቃላትም ስላላገዛቸው ነው። «ነጭ» በሚለው ሥር ቢፈልጉት አያገኙትም። «አዝሙድ» በሚለው ሥር ቢፈልጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት «የቅመም ዓይነት» የሚል ወይም ነጩንና ጥቁሩን በአንድ አፍታ አጣምሮ የሚያልፍ ፍቺ ነው። «የቅመም ዓይነት» ማለት ፍቺ አይደለም፤ አንባቢው ቅመም መሆኑንማ ያውቃል። ያላወቀው የትኛው ቅመም መሆኑን ነው። «የዛፍ ስም»፣ «የሣር ዓይነት»፣ «የወፍ ስም» እያልን የምናልፋቸው ቃላት ሁሉ የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው።

ስሕተቱ የወጥ ጣዕም ከማበላሸት የማያልፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅንበት ነበር። የሚያስጨንቀው «የጳጳስ አረም» ነው። ስያሜው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ መሆኑ ግልጽ ነው። የአማርኛ አንባቢም ጳጳስንና አረምን ከምግብ ጋር የሚያያይዝበት ምክንያት ስለሌለው፣ ግራ ተጋብቶ ሊያልፈው ይችላል ብለን እንጽናና ይሆናል። ግን በእንግሊዝኛ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሌሎች ተክሎችም አሉ። ከነዚህ አንዱ «አሚ ማዩስ» ነው። በናይል ሸለቆ የሚበቅለው ይህ ተክል ከጥንት ጀምሮ የለምጽ መድኃኒት ተብሎ ይታወቃል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግብፅ ተመራማሪዎች ከርሱ የለዩት ንጥረ ነገርም እስከ ዛሬ በሐኪም ቁጥጥር ለቆዳ ሕክምና ይሠራበታል። ይህ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ሲገባ ቆዳን ለፀሐይ ብርሃን የተጋለጠ ያደርገዋል፤ መጠኑን ሳያውቅ የወሰደ ሰው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቆዳው ተቃጥሎ ሊያብጥና ውኃ ሊቋጥር ይችላል። እንግዲህ ስለ አሚ ማዩስ የተጻፈውን የሕክምና ጽሑፍ «ነጭ አዝሙድ» እያለ የሚተረጉም፣ ወይም ስለ ነጭ አዝሙድ የተጻፈውን ከአሚ ማዩስ ጋር የሚያደባልቅ ሰው ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢያን ይገምቱት። በሁለቱ የሳይንስ ስሞች ውስጥ «አሚ» የሚለው ቃል መደጋገሙም ሌላ ወጥመድ ነው፤ በአንዱ የዝርያ ስም ሲሆን በሌላው የወገን ስም ነው።

«አሚ» የሚለውን ካነሣን አይቀር፣ የመዝገበ ቃላት ሰው ሊያልፈው የማይገባ አንድ የቆየ ነገር አለ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የጻፈው ግሪካዊው ዲዮስቆሪዴስ «አሚ» ስለሚባለው ቅመም ሲናገር፣ ከከሙን ያነሰ ፍሬ መሆኑን፣ ጣዕሙም ኦሪጋኖ የሚባለውን ቅጠል የሚመስል መሆኑን ገልጾ፣ አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ከሙን»፣ ሌሎች «የንጉሥ ከሙን» እንደሚሉት ጠቅሷል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር አይደሉም የሚሉ እንዳሉም አልሸሸገም። በዚያው ዘመን ሮማዊው ፕሊኒ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፤ በእስክንድርያ ሰዎች ይህን ቅመም በዳቦ ሥር እንደሚያደርጉትና በወጣቸውም እንደሚጨምሩት ነግሮናል። የጣዕሙ አገላለጽ ለነጭ አዝሙድ በጣም ይስማማል። ይሁንና «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በግሪኮች ዘንድ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በጥቅሉ የሚያመለክት እንጂ የዛሬውን ድንበር የሚከተል ስላልሆነ፣ ይህን ጠቅሶ ቅመሙ ከእኛ አገር ወጣ ብሎ መደምደም አይቻልም። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የነበሩት ጸሐፊዎች እንኳ ይህን ፍሬ በከሙን ስም ከመጥራት ሌላ መንገድ አጥተው፣ ግን ከሙን እንዳልሆነ ወዲያውኑ ለአንባቢው ያስጠነቅቁ ነበር። የዛሬው ረቂቅ ማስጠንቀቂያውን ትቶ ስሙን ብቻ ወረሰ።

ፋርሶች በበኩላቸው ይህን ቅመም «ናንኽዋህ» ብለውታል፤ «ናን» ዳቦ ማለት ሲሆን፣ ስሙ በጠቅላላው «ዳቦ ፈላጊ» እንደ ማለት ነው። ዐረቦችም ይህንኑ ስም በመጠኑ ለውጠው ወስደውታል። በእኛም ዘንድ አንዳንድ ባለሙያዎች በዳቦ ሊጥ ውስጥ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ነጩንም ያደርጋሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ከጥራጥሬ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። ሕንዶች በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዘይት በሚጠበሰው ፓኮራ ውስጥ፣ በባቄላና በምስር ምግቦችም ውስጥ ነጭ አዝሙድን ይጨምራሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ጥራጥሬው ሆድ እንዳይነፋ ነው ይላሉ። የእኛም እናቶች ሽሮ ሲያዘጋጁ አተሩ፣ ሽምብራው ወይም ባቄላው ታምሶ ተከክቶ ከመፈጨቱ በፊት ከሌሎች ቅመሞች ጋር ነጭ አዝሙድ ይጨምሩበታል፤ ምክንያቱን ቢጠየቁ ከዚህ የራቀ መልስ አይሰጡም። ሁለት ሕዝቦች አንድን ቅመም ከአንድ ዓይነት እህል ጋር በአንድ ምክንያት ማጣመራቸው በፍቺ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ቁም ነገር ነው። ረቂቁ ግን «ለልዩ ልዩ ምግቦች ማጣፈጫ ያገለግላል» ብሎ አልፎታል።

ስለ ወጥ ቤት ግሶች ጥቂት እንበል። ተርጓሚው በስም ከተሳሳቱት ያላነሰ በግስ ተሳስተዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዝኛው ፍሬውን በመዳፍ መካከል አሸት አድርጎ ሊጡ ላይ መበተን እንደሚገባ ሲናገር፣ ረቂቁ «ይፈጭና ይጨመራል» ይላል። መፍጨትና ማሸት አንድ አይደለም። የፍሬው መዓዛ ያለው በሸንተረሮቹ መካከል ባሉት የዘይት ቧንቧዎች ውስጥ ስለሆነ፣ በመዳፍ መታሸቱ መዓዛውን ለመቀስቀስ ይበቃል፤ ቢፈጭ ግን ሊጡን ያከርረዋል። አማርኛ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም፤ «አሸት ማድረግ»፣ «ደቆስ ማድረግ»፣ «መውቀጥ»፣ «ማድቀቅ»፣ «መፍጨት» እያለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በሌላ ስፍራ ሕንዶች «ታድካ» የሚሉትን ሥራ ረቂቁ «ቁሌት» ብሎታል። ቁሌት ሽንኩርቱ በቀስታ የሚበስልበት የወጥ መጀመሪያ ነው። ታድካ ግን ያልተፈጨው ቅመም በጋለ ቅቤ ወይም ዘይት ውስጥ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ተንጫጭቶ፣ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ከተሠራው ምግብ ላይ የሚፈስበት ዘዴ ነው። አቻ ቃል የለውምና «ታድካ» ብሎ ወስዶ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ በአንድ አረፍተ ነገር ማስረዳት ይሻላል። «ቁሌት» ብሎ የተማረ አንባቢ ነጭ አዝሙዱን ከሽንኩርት ጋር ለግማሽ ሰዓት ያቁላላዋል፤ መዓዛውም በእንፋሎት ይወጣል።

ወደ ጤናው ክፍል ስንሻገር የሚያጋጥመን የመጀመሪያው ችግር የርእሱ ነው። እንግሊዝኛው «ዌልነስ» የሚለውን ቃል ተርጓሚው «ደኅንነት» ብለውታል። ደኅንነት ከአደጋ መጠበቅን፣ ከዚያም አልፎ የጸጥታን ጉዳይ የሚያስታውስ ቃል ስለሆነ፣ «የነጭ አዝሙድ የደኅንነት ጥቅሞች» የሚለው ርእስ አንባቢን ፈገግ ያሰኛል። እኛ እንደ አገባቡ «ለጤና ተስማሚነት» ወይም «ጤና አጠባበቅ» ቢባል እንመርጣለን። ለሁሉም አገባብ የሚሆን አንድ ቃል ካልተፈጠረ የሚለው ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ የሚያጣድፍ አይመስለንም።

ከዚህ የሚከብደው የፈውስ ግሶች ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛው ደራሲ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሕንዶች ፍሬውን ከጥቂት ጨው ጋር እንደሚያኝኩት፣ በውኃ አፍልተው ለሆድ ቁርጠትና ለሆድ መነፋት እንደሚጠጡት፣ ይህም የቆየ ልማድ እንደሆነ ይናገራሉ እንጂ በሽታ ይፈውሳል አይሉም። ረቂቁ ግን «የሆድ ሕመምን ይፈውሳል»፣ «ጉንፋንን ያድናል»፣ «የምግብ መፈጨትን ያስተካክላል» እያለ በእርግጠኝነት ይናገራል። አማርኛ ግን «ያስታግሳል»፣ «ያበርዳል»፣ «ያለዝባል»፣ «ለሆድ ይስማማል» የሚሉ ልከኛ ግሶች አሉት፤ «ይባላል» እና «በልማድ ይወሰዳል» የሚሉ ማሰሪያዎችም አሉት። ተርጓሚው እነዚህን የተዉት ሰነፍ ሆነው ሳይሆን፣ አማርኛው «እንዲጠነክር» ፈልገው ይመስለናል። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ግን አረፍተ ነገር ማጠንከር የደራሲውን ኃላፊነት መውሰድ ነው።

ይህ ማለት ልማዱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ከፍሬው ክብደት ከመቶ 2 እስከ 4 የሚሆነው ተናኝ ዘይት ሲሆን፣ በዚህ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ታይሞል ነው። ይህ ንጥረ ነገር በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1719 ካስፓር ኖይማን በተባለው ጀርመናዊ ከጦስኝ ዘመድ የተለየ ሲሆን፣ ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል ስላለው እስከ ዛሬ በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒቶች ውስጥ ይገባል። የእኛው ጦስኝና ነጭ አዝሙድ በሽታ የሚመሳሰሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ንጹሑ ታይሞል በሐኪም እጅ ለአንጀት ትል መድኃኒትነት ይሰጥ ነበር፤ በከፍተኛ መጠን መርዛማ በመሆኑ ግን የተሻሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ቀርቷል። እንግዲህ በወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር፣ በቤት የሚፈላው ውኃና ከፍሬው ተጣርቶ የወጣው ዘይት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ረቂቁ ሦስቱንም «ነጭ ከሙን» ወይም «የጳጳስ አረም» እያለ በአንድ ስም ሲጠራ፣ አንባቢው ስለ ቁንጥሩ የተነገረውን ለዘይቱ እንዲያደርግ በር ይከፍታል።

ከሁሉ ያሳሰበን አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው በሕንድ አገር ነጭ አዝሙድ በቅቤና በስኳር ተለውሶ ለወለደች ሴት እንደሚሰጥ ይገልጻል። ረቂቁ «ለነፍሰ ጡር ሴት» ይላል። በእንግሊዝኛው ያለው ቃል ረጅምና ለሐኪም የሚቀርብ ስለሆነ ተርጓሚውን አሳስቷቸዋል ብለን እንገምታለን። አማርኛ ግን «አራስ» እና «እመጫት» የሚሉ ማንም የማይስታቸው ቃላት አሉት። ልጅ ለወለደች ሴት የሚሰጥን ነገር ላልወለደች ሴት መምከር የቋንቋ ስሕተት ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ነጭ አዝሙድን ለመድኃኒት በሚሆን መጠን በእርግዝና ጊዜ መውሰድ እንደማይገባ የሚያስጠነቅቁ ብዙ ናቸውና። እዚህ ላይ መጽሐፉ በዚህ መልኩ እንዳይታተም በግልጽ ጠይቀናል፤ ተርጓሚውም ወዲያውኑ አርመውታል።

ስሕተትን ጠቁሞ ምትክ ሳያቀርቡ መቅረት ተገቢ ስላልሆነ፣ መዝገበ ቃላት ነጭ አዝሙድን በሚከተለው መልክ ቢያስገባው የተሻለ ነው እንላለን፤ ቃሉም ራሱን ችሎ በ«ነ» ሥር እንዲቆም፣ በ«አዝሙድ» ሥር ደግሞ ወደዚህ የሚመራ ምልክት እንዲደረግ፦

«ነጭ አዝሙድ፣ ስም። ከድንብላልና ከከሙን ቤተሰብ የሆነ፣ ነጫጭ አበባዎቹ በዣንጥላ ቅርጽ የሚያብቡ፣ በየዓመቱ የሚዘራ ተክል፤ የዚሁ ተክል ጥቃቅን፣ ሸንተረራማ፣ ግራጫማ ፍሬ፤ ሽታውና ጣዕሙ ጦስኝን የሚመስልና ምላስን ለብለብ የሚያደርግ ሲሆን፣ በበርበሬ፣ በሽሮና በዳቦ ውስጥ ይገባል። ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥ በልማድ ይወሰዳል። ከጥቁር አዝሙድም ከከሙንም የተለየ ነው።»

የሳይንስ ስሙ በመጨረሻ መጨመሩ ለተርጓሚ ከሁሉም የሚበልጥ አገልግሎት ይሰጣል። ፒ. ሲ. ኤም. ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና መድኃኒት ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ስምና የሳይንሱን ስም ጎን ለጎን አስፍሯል። የቋንቋ ሰዎች ይህን ሥራ ለሥነ ዕፅዋት ሰዎች ብቻ የተተወ አድርገን ማየታችን ያስገርማል። «ጦስኝን የሚመስል» ማለታችንን አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ፍቺ በምሳሌ አይሰጥም» ብለው ነቅፈውታል። ነገር ግን ሽታን ያለ ምሳሌ የፈታ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ አላየንም።

ያልተቋጨ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ያለ ቅጽል የቆመው «አዝሙድ» ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ገበያ ላይ ገዢዋ «አዝሙድ ስጪኝ» ስትል፣ ሻጯ «ነጩን ነው ጥቁሩን?» ብላ ትመልሳለች። በሥነ ዕፅዋት ዘንድ ሁለቱን የሚያቅፍ ምንም ነገር ባይኖርም፣ በገበያ ቋንቋ ግን «አዝሙድ» ሁለቱን የሚያቅፍ የወል ስም ሆኖ ይሠራል። መዝገበ ቃላት የሚጽፈው ተናጋሪው የሚለውን ስለሆነ፣ የገበያውን ፍቺ መዝግቦ፣ ሁለቱ ተክሎች የማይዛመዱ መሆናቸውን በአንድ ሐረግ መግለጽ ይበቃዋል። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ግን እንደ ሻጯ መጠየቅ አለበት። ነጩ ከሆነ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ የውጭ አገር ከተማ የሚኖር አንባቢ በሕንዶች ሱቅ «አጅዋይን» በሚለው ስም ያገኘዋል፤ «ነጭ ኩሚን» ቢባል ከሙን ተሸክሞ ይመለሳል።

ረቂቁ ታርሞ ሲመለስልን ተርጓሚው በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፈው ነበር። በሌላ ምዕራፍ «ሻሂ ዚራ» የሚባል ቅመም ገጥሟቸዋል፤ ትርጉሙ «የንጉሥ ከሙን» መሆኑን ተረድተዋል፤ ግሪኮችም አሚን እንደዚሁ ይሉት እንደነበር ከእኛ አስተያየት ስላነበቡ፣ ይህንንም «ነጭ አዝሙድ» ልበለውን? ብለው ጠየቁ። ሻሂ ዚራ «ቡኒየም ፐርሲኩም» የተባለው ሌላ ተክል ፍሬ ነው። አንዳንድ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «ጥቁር ኩሚን» ስለሚሉትም ከጥቁር አዝሙዳችን ጋር የመደባለቅ ዕድል አለው። በአማርኛ ስም ስለሌለው «ሻሂ ዚራ» ተብሎ እንዲተው መልሰንላቸዋል።